ድንኳን ያለ ሙዚቃ

ሰኞ ጠዋት አዳማ ውስጥ ሰው አያወራም። የሚያለቅስ ሕፃን ካለ እናቱ ቶሎ ብላ ጡት ታጎርሰዋለች። በየቤቱ በር አጠገብ የተሰቀለው ሳጥን የሳምንቱን የመብራት ሒሳብ የሚያነበው በዚያ ሰዓት ነው፤ ያመለጠው ሰው አመለጠው፣ አይደገምለትም። ሳጥኑ ከላይ የወጣለት ረጅም ስም ነበረው፤ ሰዉ ግን ጋሽ ግምት ይለዋል። ጋሽ ግምት መጀመሪያ ከኮረብታው ስለሚነፍሰው ነፋስ ያወራል፣ ቀጥሎ ስለ ፀሐይዋ። ከዚያ ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ፣ እነዚያም ሰዎች በሳምንቱ ውስጥ ምን ምን እንደሚያደርጉ ይናገራል፤ ገና ያላደረጉትን ማለት ነው። ረቡዕ ልብስ ይታጠባል ይላል፤ ይታጠባል። ዓርብ እንግዳ አለ ይላል፤ ዓርብ ሲመሽ በሩ ይንኳኳል። በመጨረሻ ብሩን ይጠራና ዝም ይላል፣ ሰዉም ቁርሱን ሳይቀምስ ይከፍላል።

ከተገመተለት በላይ ያቃጠለ እስከሚቀጥለው ሰኞ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣታል። ከተገመተለት በታች ያቃጠለው ደግሞ፣ ቆጠብኩ ብሎ ሲደሰት፣ በሳምንቱ ያችኑ ከድርሻው ተቀንሳበት ያገኛታል። ስለዚህ ሰዉ እንደተገመተለት ይኖራል። ድሮ ድሮ ብዙ ጭቅጭቅ ነበር አሉ፤ አሁን የሚጨቃጨቅ የለም። እንዲያውም የሰፈሩ ወሬ ሁሉ የሚገኘው ከእሱ ነው። ግድግዳው ስስ፣ የሰው ጆሮ ቀጭን፤ አንዷ ጎረቤት ማርገዟን ባሏ ሳያውቅ ሰፈሩ ያወቀበት ጊዜ አለ። ባልየው ሥራ ቦታው ድረስ ሄደው እንኳን ደስ አለህ ሲሉት ዝም ብሎ ቆመ አሉ።

ምንተስኖት የሚሠራው ግምት ቢሮ፣ ቅሬታ መስኮት ላይ ነው። ቅሬታ ሰሚ ይበሉት እንጂ የሚሰማው ነገር የለም። ሰው ይመጣል፣ ይጮኻል፣ እሱ ደግሞ የተሰጠውን ቃል ይናገራል፦ «ግምቱ አይሳሳትም፤ እርስዎ ቤትዎን ይመልከቱ።» ይህን ከማለቱ ብዛት ሲናገረው ራሱ አይሰማውም። ቤት ሲገባም እናቱ ወጡ ጨው በዛበት ወይ ብትለው «ግምቱ አይሳሳትም» ብሎ ያስቃት ነበር። ያኔ ገና የሚሳቅበት ጊዜ ነበር።

ቤቱ የሦስት ሰው ቤት ነው። እሱ፣ እናቱ እትዬ ፌቨን (ፌቨን አሁን የአሮጊት ስም ሆኗል፣ ምን ይደረግ)፣ እና ታናሽ ወንድሙ አቤኔዘር። አቤኔዘር ቆላ ወርዶ የፀሐይ መስክ ላይ መስታወት ያጥባል። ሲመቸው ይመጣል፣ ግቢው ጀርባ ያለችው ሰርቪስ ክፍሉ ውስጥ ቬንትሌተሩን ለቆ ሁለት ቀን ይተኛል፣ እናቱን ሲያበሽቃት ይሰነብትና ተመልሶ ይወርዳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ መስታወቶቹ መሀል ጣለው። እዚያ አገር ሬሳ አይቆይም፤ ያን ዕለት አፈር አለበሱት።

መልእክቱ የደረሰው ለምንተስኖት ነው፤ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ፣ አንዲት ሴት ስለ ፍሪጇ ስትጮህበት። ስልኩን አነበበ። ሴትዮዋን ጨርሳ እስክትጮህ ጠበቃት። «ግምቱ አይሳሳትም፤ እርስዎ ቤትዎን ይመልከቱ» አላት። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ እጁን ታጠበና መስታወቱ ፊት ቆመ። ሊያለቅስ ነበር የገባው። ፊቱን አየው፤ የሌላ ሰው ጉዳይ ይዞ የመጣ ሰው ፊት ነበር። እጁን ደግሞ ታጠበና ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

ማታውን ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ኪሩቤል ሄደ። መናገር አልቻለም፤ ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። ጋሽ ኪሩቤል አነበቡና ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙት።

«ወይኔ ይቺ ሴት!» አሉ። «ዓይኗ መቼ ነው የተሠራው?»

«ባለፈው ሐሙስ።»

እዚህ ላይ ነበር ጣጣው። እናቱ ሞራ ተገፎላት ሁለቱም ዓይኖቿ በፋሻ ታስረዋል። ሐኪሙ ቃል በቃል «እንባ ጠላታቸው ነው፤ ስፌቱ ሳይደርቅ ካለቀሱ እኔ የለሁበትም» ብሎ ነበር።

«እና ልጇን አጥታ ዓይኗንም ትጣ?» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «አይሆንም። ዓይኗ እስኪድን አፋችንን እንይዛለን። ሲድን በወጉ፣ በማለዳ፣ እኛው መጥተን እናረዳታለን። ሴቶቹም አጥር ሥር ይቆሙላታል። አንተ ግን ያንን ሳጥን እንዴት ልታደርገው ነው?»

እሱም ሲመጣ መንገድ ላይ የሚያስበው ይህንኑ ነበር። አቤኔዘር ቆላ እያለም ሳጥኑ ከቤቱ ሰው ይቆጥረው ነበር፤ የፀሐይ መስኩ ካምፕ ግን ስሙን በማግስቱ ይሰርዘዋል። የተሰረዘ ሰው ወይ ቤቱ ነው ያለው፣ ወይ የትም የለም። ቤቱ ውስጥ የእሱ መብራት ካልተቃጠለ ጋሽ ግምት በሚመጣው ሰኞ «የቤቱ ሰው ሁለት» ብሎ ያነባል፤ እናቱ ዓይኗ ታስሮ፣ ጆሮዋን ብቻ ይዛ፣ ከበሩ አጠገብ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ። ቢሮው ሞቷል የሚለውን ይቀበላል፤ ሞቷል ግን ገና አልተነገረም የሚለውን የሚቀበልበት ቦታ የለውም። መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ስለሚውል ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

«አንደበት ሰጡት እንጂ ይሉኝታ አልሰጡትም» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «አደራህን ልጄ። ከዚያ ነገር እንዳትሰማ። ከሰው አፍ ነው መስማት ያለባት።»

በማግስቱ ምንተስኖት የወንድሙን መብራት ማቃጠል ጀመረ።

ጠዋት ይነሳና ሻወር ይወስዳል፤ ይደርቃል፤ ከዚያ ወደ ሰርቪሱ ሄዶ እንደገና ሻወር ይወስዳል። የሁለተኛውን ውሃ እንደ አቤኔዘር አድርጎ ያሞቀዋል፣ ቆዳ የሚልጥ። የራሱን ሸሚዝ ይተኩሳል፣ የአቤኔዘርንም ሸሚዝ ይተኩሳል፤ የተተኮሰውን ማታ ይጨማድደውና ጠዋት መልሶ ይተኩሰዋል። ሁለት ሻይ ያፈላል፣ አንዱን ይጠጣል፣ አንዱን የቧንቧው ሥር ይደፋል። ሲመሽ ሁለቱም ክፍል መብራት ይበራል፤ ሰርቪሱ ውስጥ ቬንትሌተሩ ባዶ አልጋ ላይ ሲነፍስ ያድራል። አቤኔዘር እግር ኳስ ሳያይ አይተኛም ነበርና ምንተስኖት ኳስ ሳይወድ ኳስ ይከፍታል። ቁጭ ብሎም ያየዋል። ማን እንዳሸነፈ ግን ቢጠይቁት አያውቅም።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ ምንም አልተሰማውም፤ ሐቁ ይሄ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሸሚዙን አቅፎ ያለቅስ ነበር ይባል ይሆናል። እሱ ኮሌታውን ነው የሚያስተካክለው።

«ምንድን ነው እዚያ ጀርባ የሚያጓራው?» አለች እናቱ አንድ ቀን።

«እኔ ነኝ እማ። አቤኒ ክፍል ነው የምተኛው፣ ነፋስ አለው።»

«ሲመጣ ያባርርሃል።»

«ያባርረኝ።»

«ለምን አይደውልም ግን?»

«የአቧራ ወር ነው። እዚያ መስመር የለም አሉ።»

እናቱ አገጯን ወደ ድምፁ አቀናች። ፋሻው ፊቷን ግማሽ ስለሸፈነው ምን እንደምታስብ አይታወቅም ነበር። «እሱ አቧራ ሰበብ ነው የሚሆንለት፤ እናቱ ዓይኗን ተሠራች ብሎ አይጠይቅም። ይምጣ ብቻ፣ እኔ ነኝ የማገኘው» አለች። ምንተስኖት ሳቅ አለላት። ዓይኗ ቢታሰርም ሳቁን እንድትሰማው ጮክ አድርጎ ሳቀ።

ሰኞ ደረሰ። ሁለቱም ከሳጥኑ ሥር ተቀመጡ። ነፋሱ ተነገረ፣ ፀሐይዋ ተነገረች። «የቤቱ ሰው፣ ሦስት» አለ ጋሽ ግምት። ምንተስኖት ትንፋሹን ለቀቀ። «ካውያ፣ በየቀኑ» አለ ቀጥሎ።

«ካውያው በዛሳ!» አለች እናቱ። «ሙሽራ ልትሆን ነው እንዴ? ደብቀኸኝ?»

«አዎ፣ ለአንቺ ድንገት ልነግርሽ ነበር።»

ሒሳቡ ሲጠራ ሰምታ «ይሄም ሙሽራ መስሎታል» አለችና ከፈሉ። የሚቀጥለውም ሰኞ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። ምንተስኖት እንዲያውም ደስ ሊለው ምንም አልቀረውም። ያን ሁሉ ዘመን አይሳሳትም ሲል የኖረውን ነገር በሁለት ሸሚዝና በአንድ ቬንትሌተር አሳስቶታል። መስኮቱ ላይ ሲቀመጥ የሚጮኹበትን ሰዎች አየት ያደርግና ይሄኔ ስንቱ ነው እንደኔ የሚያደርገው ይል ነበር በሆዱ። ነገሩን ግን እስከ መጨረሻው አላሰበውም። እሱ ያሰበውን ሌላውም ሰው አስቦት እንደሚሆን፣ ሌላውም ሰው ያደረገውን ሳጥኑ ሲቆጥር እንደኖረ አላሰበም።

ፋሻው ተፈታ። ዓይኗ ቀላ ብሎ ወጣ፤ ጠዋትና ማታ ጠብታ የሚያደርግላት ምንተስኖት ነው። ሐኪሙ «ረቡዕ ልያቸውና ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ» አለ። ጋሽ ኪሩቤል መንገድ ላይ ሲያገኙት «ቀን እንቆርጣለን፣ ደርሰናል» አሉት። ቀን ግን አልቆረጡም ነበር፤ ለማንም አልተነገረም፣ ድንኳንም አልተጠየቀም።

ሰኞ ሆነ። እናቱ አሁን ታያለች፤ ቢሆንም እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና ነው የምታዳምጠው። ነፋሱ ጥሩ ነው ተባለ። ፀሐይዋም ጥሩ ናት። «የቤቱ ሰው፣ ሦስት።» ምንተስኖት ሊነሳ ሲል ሳጥኑ ቀጠለ።

«ከሐሙስ ማለዳ ጀምሮ፣ ለሦስት ቀን፣ መቶ ሃያ ሰው። ድንኳን። ሙዚቃ የለም።»

ከዚያ ብሩን ጠራና ዝም አለ።

እዚያ አገር ድንኳን የሚጣለው ለሁለት ነገር ነው። አንዱ ሙዚቃ አለው።

እናቱ ዓይኗን አልገለጠችም። በስስ ግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤትም ድምፁ ጠፋ፤ እንደወትሮው ሳህን እንኳ አላንኳኳም።

«ድንኳኑ የምንድን ነው?» አለች።

«ስህተት ነው እማ።»

«አንተ አይደለህ እንዴ አይሳሳትም የምትለው?»

አፉን ከፈተ። የሚናገረው ቃል እንደ ልማዱ ምላሱ ላይ መጣ፤ መልሶ ዋጠው። እናቱ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች፤ ፎቶ የምትነሳ ትመስል ነበር።

«ጠብታዬን አድርግልኝ» አለች።

አደረገላት። የእሷ ፊት አልተንቀሳቀሰም። ጠብታው በጉንጯ ሲወርድ እሱ በጥጥ ጠረገላት።

ቢሮ እንደደረሰ አብራው የምትሠራውን ሶስናን የቤታቸውን የግምት መዝገብ እንድታይለት ለመናት። ሶስና ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ አየችለት።

«እንዴ፣ ይሄማ ሁለት ሸሚዝ ነው» አለች። ከዚያ ማንን እንደምታናግር ትዝ አላትና ድምፅዋ ወረደ። «ወይኔ ሚንቴ። ማን ነው?»

«ሁለት ሸሚዝ ምንድን ነው?»

«እንዲህ ነው የምንለው። አንድ ሰው ለሁለት ሰው የሚተኩስበት፣ የሚታጠብበት ቤት። ብዙ ነው። ሰዉ ሁሉ መርዶ ሲደብቅ የሚያደርገው እንዲሁ ነው። ሳጥኑ መጀመሪያ ሰሞን ይሳሳት ነበር፣ አሁን ለምዶታል። ሐኪም ቤት ካለ ሐኪሙ ከጨረሰ በኋላ፣ ፆም ካለ ፆሙ ሲፈታ፣ ድንኳኑን ይይዛል። ሰው ማለዳ ስለሚያረዳ ከማለዳ ነው የሚጀምረው።» ጎንበስ ብላ አየችው። «ላጥፋልህ? ባጠፋውም ማረሚያውን እስከሚመጣው ሰኞ አያነበውም።»

«ተይው» አላት። «ሰምታዋለች።»

ጋሽ ኪሩቤል ሲነግሯቸው ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱት። ሳጥኑን ሰደቡት፣ የሠሩትን ሰዎች እስከ ሰባት ትውልድ ሰደቧቸው። ከሰደቡ በኋላ ተቀመጡ። ምንተስኖት ዛሬውኑ እንሂድ፣ አሁኑኑ እንንገራት አላቸው። ጋሽ ኪሩቤል ዓይኗን ሐኪሙ ሳያየው አይሆንም አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ ፊቱን ሳያዩ፣ «መብራቱስ የተለቀቀው ለሐሙስ አይደል? ዛሬ ድንኳን ብንጥል በጨለማ ልናስቀምጠው ነው ሰዉን» አሉ። ሌሎቹም የእድር ሰዎች እውነት ነው አሉ። እንግዲህ ሐሙስ ይሁን ተባለ። ሐሙስ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ሐሙስ ሆነ።

ማክሰኞና ረቡዕ እናትና ልጅ አብረው በሉ፣ አብረው ተቀመጡ። ሐኪም ቤት አብረው ሄዱ፤ ሐኪሙ ዓይኗን በመብራት አየና «አሁን ነፃ ነዎት» አላት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ስለ ድንኳኑ አንዳቸውም አላነሱም። ጎረቤት የሚገባው ሁሉ ስለ ነፋሱ እያወራ ወጣ። ረቡዕ አመሻሹ ላይ ምንተስኖት ሰርቪሱ ሄዶ ቬንትሌተሩን ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ እናቱ ከኋላው በር ላይ ቆማለች።

«ተወው ይንፈስ» አለችና ወደ ቤት ተመለሰች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ መጡ። ጋሽ ኪሩቤል ከሁለት የእድር ሰዎች ጋር ከፊት ናቸው። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በአጥሩ ሥር ተደርድረዋል። ወጉ እንደዚህ ነው፤ ከቤት ውስጥ እሪታው ሲሰማ ሮጠው ይገባሉ፣ ከዚያ በፊት ግን ትንፍሽ አይሉም። ድንኳኑን ጎረምሶቹ ድምፅ ሳያሰሙ ግቢው ውስጥ ተክለውታል።

እናቱ ሳሎን ውስጥ ተቀምጣ ነበር፤ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ፈትታ። ጋሽ ኪሩቤል በሩ ላይ ሲያዩዋት እግራቸው ተያዘ። ቢሆንም ጀመሩ።

«ፌቨን እህቴ፣ እንዴት አደርሽ። እንግዲህ የሰው ልጅ...»

«አውቄያለሁ ጋሽ ኪሩቤል» አለች። «ሰኞ ነግሮኛል። አቤኒ ነው።»

ጋሽ ኪሩቤል ስንት ቤት ገብተው አርድተዋል፤ የሚወድቀውን ይዘዋል፣ ግድግዳ የሚመታውን አቅፈዋል። እንዲህ ያለ ግን አልገጠማቸውም። አንደኛው የእድር ሰው ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። እሪታ የለም። አጥሩ ሥር ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ፤ «አልነገሯትም እንዴ?» የምትል ተሰማች። ይሄኔ የተገመተው ሰዓት ደረሰና የድንኳኑ መብራት ሁሉ በአንድ ጊዜ ቦግ አለ። ሥሩ ማንም አልነበረም።

«ሰኞ ላለቅስ ፈልጌ ነበር» አለች እናቱ። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «ለዓይኔ ብዬ አይደለም፤ ዓይኔ ገደል ይግባ። እምቢ አለኝ። ማክሰኞም እምቢ አለኝ። ሳጥን ነግሮኝ እንዴት ብዬ ላልቅስ? ማንን ይዤ?»

ጋሽ ኪሩቤል ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረቡ።

«እስቲ ውጡልኝ» አለች። «ውጡና በሩን ዝጉት። ከዚያ አንኳኩ። እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ምንም አላውቅም። ልጄን ከሰው አፍ ልስማው። ሚንቴ፣ አንተም ውጣ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ወጡ፣ ምንተስኖትም ወጣ፣ በሩ ተዘጋ። ግቢው ውስጥ የባዶው ድንኳን መብራት ፊታቸው ላይ እያበራ ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። ጋሽ ኪሩቤል ኮታቸውን ቆለፉና አንኳኩ።

«ማን ነው?» አለች ከውስጥ። የማንኛውም ቀን ድምፅዋ ነበር።

«እኛ ነን።»

«ግቡ፣ ግቡ። ምነው በጠዋቱ? ደህና አይደላችሁም እንዴ?»

ገቡ። ፀጉሯን በሻሽ ሸፍናለች፣ በጥቁሩ ላይ ጋቢ ደርባለች። ከወንበሯ ተነስታ እንግዳ እንደምትቀበል ቆማለች። ጋሽ ኪሩቤል ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ቃል አልወጣቸውም፤ አዛውንቱ ሰውዬ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ዞረው ምንተስኖትን አዩት። እናቱም አየችው።

ምንተስኖት ለጋሽ ኪሩቤል ስልክ ነው ያሳየው። ለሶስና ስም አልነገራትም። ይህን ቃል ለማንም፣ ለራሱም እንኳ ተናግሮት አያውቅም ነበር።

«እማ» አለ። «አቤኒ ሞተ።»

«ምን አልክ?» ደርሳ ሸሚዙን በሁለት እጇ ጨመደደችው። «ልጄን ምን አልክ? ልጄን ምን አደረጋችሁት?»

ጮኸች። አጥሩ ሥር የነበሩት ሴቶች እሪ እያሉ በሩን ገፍተው ገቡ። ምንተስኖትም፣ እናቱ ሸሚዙን እንደያዘች፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠና የወንድሙን ስም እየጠራ አለቀሰ።